ባትመለስ የሚደወልለት ሰው

በታስማኒያ ደሴት የካርዊን መንደር ዳቦ ቤት ገና በማለዳው ሲከፈት፣ ጥግ ካለችው ጠረጴዛ አንድ ሽማግሌ ሻይ ፊቱ አስቀምጦ ይቀመጣል። ኪት ይባላል፤ ዕድሜውን ሙሉ ከብት ሲያረባ የኖረ ሰው ነው። እጁ መንቀጥቀጥ ከጀመረ ወዲህ ሰው እያየው መጠጣት አይወድም። ስለዚህ ሁሉም ዳቦውን ይዞ እስኪወጣ ይጠብቃል፤ ያን ጊዜ ሻዩ ቀዝቅዟል። ይህን የማያውቅ የመንደሩ ሰው የለም። ከሩቅ አገር መጥቼ እዚህ የምኖረው እኔም አውቃለሁ። አውቀን ግን ምንም አላደረግንም።

በሚያዝያ አንድ ቀን ጠዋት አንዲት እንግዳ ሴት ገባች። ሰባ ዓመት አልፏታል፤ ፀጉሯ አጭርና ነጭ ነው፤ ጫማዋ ላይ ያለው ጭቃ ከብዙ ቦታ የተሰበሰበ ይመስላል። ሻይዋን ተቀብላ ከኪት አጠገብ ካለው ጠረጴዛ ተቀመጠች። የኪትን ስኒ አንዴ አየችው፤ አንዴ ብቻ። ከዚያ ተነሥታ የሱንም የራሷንም ስኒ አንሥታ ወደ ባንኮኒው ሄደች።

«የኔ ቆንጆ፣ አፍ እስካፉ ሞልተሽልናል እኮ!» አለቻት ሻጯን። «እኔ እጄ ላይ አፈሰስኩት። ለሁለታችንም በትልቅ ኩባያ ግማሽ ግማሽ አድርጊልን።»

እጇ ደረቅ ነበር። አንዱን ኩባያ ኪት ፊት አኖረችና ጀርባዋን ሰጥታው ግድግዳ ላይ የተለጠፈውን ካርታ መመልከት ጀመረች። ኪት በሁለት እጁ ይዞ እስኪጨርስ ድረስ ዞር አላለችም። ትኩስ ሻይ ጠጣ። ስንት ወሩ እንደሆነ እግዚአብሔር ነው የሚያውቀው።

«ወዴት ነሽ?» አላት ኩባያውን አስቀምጦ።

«ወደ ትልቁ ዛፍ።»

ኪት ራሱን ቀስ አድርጎ ነቀነቀ። «ዛፍ ነው» አለ።

ሴትዮዋ ከካርታው ዞር ብላ ትክ ብላ አየችው። የሆነ ነገር ልትጠይቀው ፈልጋ ነበር፤ ተወችውና ዳቦ ገዝታ፣ አመስግና ወጣች። ከዚያ በኋላ ያለውን የነገረችኝ ያን ቀን ሊመሽ ሲል እሷው ናት። መንገደኞች የሚያድሩበት የከብት ትርዒት ሜዳ ቁልፍ እኔ ዘንድ ስለሚቀመጥ፣ መኪናዋን ያቆመችው ከቤቴ አጥር ጎን ነበር። እንደነገረችኝ እጽፈዋለሁ።

ስሟ ኖሪን ቲፔት ነው። ሠላሳ አራት ዓመት የተማሪ አውቶቡስ ነድታለች። ባሏ ሜርቭ የስልክ መስመር ጠጋኝ ነበር፤ ነፋስ በጣለው ቁጥር እንጨት ላይ ወጥቶ የደሴቲቱን ግማሽ ከግማሿ ጋር ሲያገናኝ የኖረ ሰው። ጡረታ ሲወጡ አልጋና ምድጃ ያላት፣ ቤት የሆነች መኪና ገዙ። ሜርቭ ከኋላዋ በትልልቅ ፊደል «አልቸኮልንም» ብሎ ጻፈባት፤ ዳገት ላይ ከኋላቸው ተሰልፎ ጡሩምባ ለሚነፋ ሁሉ መልስ እንዲሆን። ከዚያ በኋላ ታስማኒያ ውስጥ ያልረገጡት የጫካ መንገድ፣ ሻይ ያልጠጡበት ትንሽ ከተማ ጥቂት ነው።

ሜርቭ በብዙ ነገር ግድ የለሽ ነበር፤ በአንድ ነገር ግን ቀልድ አያውቅም። በየጫካው መንገድ መግቢያ እንጨት ላይ የተቸነከረች ሣጥን አለች። ውስጧ መዝገብና እርሳስ ይገኛል። የሚገባ ሰው ስሙን፣ የገባበትን ሰዓት፣ የሚመለስበትን ሰዓት ይጽፋል። ቀጥሎ «ባትመለስ የሚደወልለት ሰው» የሚል ዓምድ አለ። ሲመለስ ደግሞ ይፈርማል። አንድ ጊዜ ሜርቭ መፈረሙን ረስቶ፣ እራት ቀርቦ ሳለ ትዝ ሲለው፣ ሹካውን አስቀምጦ አንድ ሰዓት ሙሉ ነድቶ ተመልሷል። «ላልጠፋ ሰው ብሎ ሰው በጨለማ ገደል ይግባ እንዴ?» ነበር ያለው።

ከሁለት ዓመት በፊት፣ በክረምት፣ ሜርቭ ወጥ ቤት ወንበር ላይ ተቀምጦ ባቄላ ሲፈለፍል ልቡ ቆመ። ኖሪን አንድ ዓመት ከቤት አልወጣችም። በዓመቱ አንድ ጠዋት የመኪናዋን ቁልፍ አነሣች። መጀመሪያ የደረሰችበት ሣጥን ዘንድ ቆማ እርሳሱን ያዘች፤ ስሟን ጻፈች፤ ሰዓቱን ጻፈች፤ ያ ዓምድ ጋ ስትደርስ እጇ እንደለመደው «ሜርቭ» ብሎ የቤታቸውን ስልክ ቁጥር ጻፈ።

አልሰረዘችውም። ያን ጨምሮ፣ ካርዊን እስክትደርስ ድረስ በሃያ ስድስት መዝገብ ላይ እንዲሁ ጻፈች።

ሐሰት መሆኑን ታውቃለች። ቤቱ ተዘግቷል፤ ስልኩ ቢጮህ የሚያነሣው የለም። ግን ሌላ ስም መጻፍ ማለት የሚጠብቀኝ ሰው የለም ብሎ በእጅ መፈረም መሰላት። የልጇን የሊያንን ስም እንዳትጽፍ ደግሞ ሊያን እናቷ ብቻዋን ጫካ እንደምትገባ አታውቅም። ሊያን ከባሕሩ ማዶ፣ በዋናው ምድር ነርስ ናት። እናቷ መኪናዋን ይዛ ስትወጣ የነገረቻት ቁርጥ ያለ ነበር፦ «እማ፣ ከከተማ ከተማ መዞር መብትሽ ነው። ብቻሽን ጫካ ገብተሽ ፍለጋ የተወጣልሽ ቀን ግን እኔ ራሴ መጥቼ መኪናዋን እሸጣታለሁ።» ኖሪንም «ዳቦ ቤትና አሮጌ ዕቃ ነው የማየው» ብላ ቃል ሰጥታለች። መኪናዋ ከተሸጠች የሚቀራት ያ ወጥ ቤትና ያ ወንበር ነው።

ከካርዊን በላይ ያለውን ዛፍ ሜርቭ ያየው ሳይጋቡ ነው። «ምን ዓይነት ነው?» ባለችው ቁጥር «ዛፍ ነው» ይላታል፤ ከዚህ በላይ አንድ ቃል አይጨምርም። ስታበሽቀው «አቤት አፈ ጮሌ! ቅጠል አለው ወይስ የለውም?» ትለዋለች። «ራስሽ ታዪዋለሽ። የዛሬ ዓመት መከር ላይ።» በየዓመቱ የዛሬ ዓመት እያሉ ቀሩ። ጠዋት ኪት ያንኑ ሁለት ቃል በዚያው አነጋገር ሲላት የደነገጠችው ለዚህ ነው።

ረጅም መኪና መግቢያው ላይ መዞሪያ ስለማያገኝ ቁልቁል አንድ ኪሎ ሜትር ርቃ፣ የድሮው እንጨት መሰንጠቂያ ሜዳ ላይ አቆመች። ምርኩዟን፣ ፔርሙሷንና የዝናብ ልብሷን ይዛ ወጣች። ሦስት ሰዓት ላይ ሣጥኗን ከፈተች። «ኖሪን ቲፔት። አንድ ሰው። መመለሻ ስምንት ሰዓት።» ቀጥሎ «ሜርቭ»። መዝገቡን መለሰችና ገባች።

መጀመሪያ መንገዱ ቀላል ነበር። ከዚያ ጫካው ድምፁን ቀነሰ። የሰው ቁመት ሁለት እጥፍ የሆኑ፣ ፈርን የሚባሉ ሰፋፊ ቅጠል ያላቸው ተክሎች ከግራ ከቀኝ ጥላቸውን ዘርግተው ብርሃኑን አረንጓዴ አደረጉት። የወደቀ ግንድ ላይ ሌላ ዛፍ በቅሏል፤ በዚያኛው ላይ ደግሞ እንደ ሱፍ ብርድ ልብስ የወፈረ የዛፍ ሽበት፤ ሽበቱ ላይ ከጥፍር የማይበልጡ ቀያይ እንጉዳዮች። ጃርት የምትመስል ኤኪድና መንገዱን አቋርጣ፣ ኖሪንን ስታይ አፍንጫዋን አፈር ውስጥ ቀበረችና የተሰወረች መሰላት። «አይቼሻለሁ» አለቻት ኖሪን። ወንዙን ከተሻገረች በኋላ ተቀምጣ ካልሲዋን ስትፈትሽ ሁለት አልቅት አገኘች፤ ጨው ነስንሳ አራገፈቻቸው። የግራ ጉልበቷ አጉረመረመ። ዳገቱ ላይ ሁለት ጊዜ መመለስ አማራት። ሁለቴም «ቅጠል አለው ወይስ የለውም?» የሚለው የራሷ ድምፅ ገፋት።

በመጨረሻ መንገዱ ታጠፈና ፊት ለፊቷ ግድግዳ ቆመ።

ግድግዳ ነው የመሰላት። ግራጫ፣ እርጥብ፣ ሰፊ። ዓይኗ ወደ ላይ ሲሄድ ነው ግንድ መሆኑን ያወቀችው። ባሕር ዛፍ ነበር። በአገሬ ለማገዶና ለአጥር የምናውቀው፣ ክንዳችንን ሳያክል የምንቆርጠው ባሕር ዛፍ፤ እዚህ ግን አገሩ ነው፤ አራት መቶ ዓመት ማንም ሳይነካው ቆሟል። ኖሪን ዙሪያውን በእርምጃ ለካችው፤ ሃያ ሦስት እርምጃ። ድሮ ያለፈበት እሳት አንዱን ጎኑን ቦርቡሮት ውስጡ ክፍል ሆኗል፤ በአውቶቡሷ ትጭነው የነበረው ተማሪ ሁሉ ከነቦርሳው ይገባበታል። ከላይ የተላጠው ልጡ እንደ ረጅም ጥብጣብ ተንጠልጥሎ ነፋስ ሲነካው ይንሿሿል። ጫፉን ፈለገችው። አንገቷ እስኪያማት ቀና ብትልም ጫፉ አልተገኘም፤ ጉም ውስጥ ገብቷል፤ ከጉሙ በላይም ገና ይቀጥላል። ምድር ላይ ነፋስ የለም፤ እዚያ ላይ ግን እንደ ሩቅ ባሕር ያለ ድምፅ ይሰማል።

ኖሪን ቤተ ክርስቲያን የምትሄደው ለሠርግና ለቀብር ነው። ይህን ራሷ ነግራኛለች፤ እንዳልታዘባትም ብላ አልደበቀችኝም። እዚያ ቆማ ግን ኮፍያዋን አወለቀች። ለምን እንዳወለቀችው አታውቅም። «ሰው አልነበረም፤ ዝናብ ያንጠባጥብ ነበር፤ ግን ኮፍያ አድርጌ መቆም አልቻልኩም» አለችኝ። እኔ ለምን እንደሆነ የማውቅ ይመስለኛል፤ ግን አላቋረጥኳትም።

መዳፏን ግንዱ ላይ አሳረፈች። አንድ ሰዓት ቆየች ይሁን ሁለት አልለካችውም። ያወራችው ዓረፍተ ነገር አንድ ብቻ ነው፤ ለሜርቭ።

«ልክ ነህ፤ ዛፍ ነው» አለችው።

ስትወርድ እግሯ መሬት የሚነካ አልመሰላትም። ጉልበቷን ረሳችው። ወንዙን መቼ እንደተሻገረች አታስታውስም። ያን ሣጥን፣ በአርባ ዓመት ውስጥ እንደሱ ያለውን አንድ ቀን እንኳ ሳትፈርም አልፋ የማታውቀውን፣ በክንዷ ልትነካው ምንም ሳይቀራት አለፈችው። ወደ መሰንጠቂያው ሜዳ ወረደች፤ መኪናዋን አስነሥታ ሄደች።

ከሰዓቱን ሰባ አባወራ ብቻ ባላት ትንሽ ከተማ ውስጥ አሳለፈችው። በጡብ ከተሠራው አሮጌ አዳራሽ ውስጥ ሁለት መበለቶች ያገለገለ ዕቃ ይሸጣሉ። አንደኛዋ ክዳን የሌለው የሻይ ጀበና ልትሸጥላት ስትሞክር ሁለተኛዋ «ዶት፣ ሴትዮዋን ተዪያት! ያን ጀበና ራስሽ ነሽ ክዳኑን የሰበርሽው» አለቻት። ኖሪን ሳቀችና ገዛችው። መንገድ ዳር ሻጭ ከሌለበት ጠረጴዛ ላይ ዱባ አነሣች፤ ሣንቲሙን ለዋጋው በተቀመጠው ማሰሮ ውስጥ ጣለች። ያን ቀን ያገኘችውን ሁሉ ትወደው ነበር። አሥራ አንድ ሰዓት ሊሆን ሲል ካርዊን ገባች። ለእኔም ከዱባው ሾርባ ልታካፍለኝ ጠርታኝ፣ እሷ ደረጃዋ ላይ ተቀምጣ ስትልጥ፣ ይህን ሁሉ እየነገረችኝ ሳለ የፓርኩ መኪና በሜዳው በር ገባ።

የወረደችው የጫካ ጠባቂዋ ግሌንዳ ናት፤ ሃምሳ ስምንት ዓመቷ ነው፤ ለካርዊን ሰው ሁሉ እኅት ናት። «ግሌንዳ!» ብዬ ተነሣሁ፤ እስከ ጉልበቷ ጭቃ ሆናለች፤ ፊቷን ቅርንጫፍ ቧጥጧታል።

«ኖሪን ቲፔት የምትባል ታውቃላችሁ?»

«እኔ ነኝ» አለች ኖሪን፤ ቢላዋውን እንደያዘች።

ግሌንዳ የመኪናውን ጎማ ተደግፋ ቁጭ አለች። ለጥቂት ጊዜ መተንፈስ ብቻ ነበር ሥራዋ።

«ከዘጠኝ ሰዓት ጀምሮ ስጠራሽ ነበር» አለች። «እስከ ወንዙ። ከወንዙም ማዶ። ጫካው በሙሉ ስምሽን አጥንቷል፤ ከነገ ጀምሮ ቁራዎቹ ‹ኖሪን! ኖሪን!› እያሉ ነው የሚጮሁት። አንቺ ዱባ ትልጫለሽ!»

ኖሪን ያን ጊዜ ነው ሣጥኑ ትዝ ያላት። እጇ ወደ ዝናብ ልብሷ ኪስ ገባና አንዲት አጭር እርሳስ ይዞ ወጣ።

«እርሳሱንም ሰርቀሻል!» አለች ግሌንዳ። «ከኋላሽ የመጡት ባልና ሚስት በከሰል ነው የጻፉት።»

«በአርባ ዓመት አንድ ጊዜ ረስቼ አላውቅም። አንድ ጊዜ።»

«እንዴት ረሳሽ ታዲያ?»

ኖሪን እርሳሷን መዳፏ ላይ አገላበጠቻት። «ዛፍ ነው» አለች።

ግሌንዳ ሳትፈልግ ሣቀች። ዛፉን ታውቀዋለች። ከዚያ ፊቷን አጠንክራ፣ «ይልቅ ተነሽና ለባልሽ ደውዪ። እኔ ደውዬ አላነሣም፤ መልእክት መቅጃው ላይ ተናግሬ ተውኩት። ይኼን ጊዜ ፀጉሩን እየነጨ ነው» አለቻት።

ቢላዋው ቆመ።

«ምን ብለሽ መልእክት ተውሽለት?»

«ምን እላለሁ? ‹ሜርቭ፣ ኖሪን ከዛፉ አልተመለሰችም፣ እየፈለግናት ነው፣ አይዞህ እናገኛታለን› አልኩት።»

«አይዞህ አልሽው?»

«አዎ። ምን ላድርግ? መቅጃው ላይ ያለው ድምፁ የደግ ሰው ይመስላል። ‹እኔና ኖሪን ጫካ ወጥተናል፤ አልቸኮልንም፤ እንመለሳለን› ይላል።»

ኖሪን ቢላዋውን ደረጃው ላይ አስቀመጠች። «ሜርቭ ከሞተ ሁለት ዓመቱ ነው፣ ግሌንዳ» አለች።

ግሌንዳ ኮፍያዋን አወለቀች። ከሜዳው ዳር የኪት ላሞች ወደ በረታቸው ሲገቡ ይሰማል።

«ታዲያ ማን ሊፈልግሽ ነበር?» አለች ግሌንዳ በመጨረሻ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «እኔ መዝገቡን የማየው በሳምንት ሁለቴ ነው። ዛሬ ያለፍኩት የወደቀ ቅርንጫፍ ላነሣ ነው። ጉልበትሽ ከድቶሽ እዚያው ወድቀሽ ቢሆን፣ እኔም ያለ ቀኔ ባልመጣ፣ ስልኩ ባዶ ቤት ውስጥ ይጮህ ነበር። ይገባሻል?»

«ይገባኛል። ብቻዬን መግባቴን ልጄም አታውቅም።»

«ለልጅሽ አንቺው ንገሪያት። ዛሬውኑ። ፍለጋ መውጣቴን ሪፖርት ላይ እጽፋለሁ፤ ከእኔ ባትሰማው ይሻላል።» እርሳሷን ተቀብላ ልትሄድ ስትል፣ ተመልሳ ኖሪን መዳፍ ላይ አኖረችላት። «ነገ እንደ መንገደኛው ሁሉ ወደ ፏፏቴው የምትሄጂ ከሆነ፣ የዚያኛውም ሣጥን እርሳስ ጠፍቷል» አለችና ሄደች።

ኖሪን ልደውል አልደውል ሳትል ደወለች፤ ብትቆይ እንደማትደፍር ታውቃለች። እኔ ልነሣ ስል በእጇ ምልክት አስቀመጠችኝ። የሊያን ድምፅ እስከ እኔ ድረስ ይሰማ ነበር።

«ብቻሽን ገባሽ?»

«ገባሁ። ሃያ ሰባት ጊዜ። ዋሽቼሻለሁ።»

«የማንን ስልክ ስትጽፊ ነበር?»

«የቤቱን። የአባትሽን።»

ኖሪን የመኪናዋን ግድግዳ ይዛ ቆመች፤ ልትቀማ እንደሆነ ሁሉ።

«እማ» አለች ሊያን፤ ድምፅዋ ተለውጧል፤ «እኔም እደውልበታለሁ። የሌሊት ተራ ስጨርስ። ‹እንመለሳለን› ሲል ለመስማት።»

«ለዚህ ነው ወይ የቤቱ ስልክ እንዳይቆረጥ ያልሽኝ?»

«ለምን መሰለሽ?» ሁለቱም አፍንጫቸውን ጠረጉ። «ስሚኝ። አልሸጥም። መኪናዋን አልሸጣትም። ግን የሚያነሣ ሰው ስም ጻፊ። የእኔን አይደለም፤ እኔ ሥራ ላይ ስልክ አልይዝም፤ ብይዝስ ከዚህ ምን አደርግልሻለሁ? እዚያው ያለ፣ ሲመሽ ‹ኖሪን ገብታለች ወይ?› ብሎ በሩን ከፍቶ የሚያይ ሰው። እንደሱ ያለ ሰው ካላገኘሽ አትገቢም። ማ ይሙት በይኝ።»

«ሊያን ትሙት» አለች ኖሪን፤ ስልኩም ተዘጋ።

ፀሐይዋ ከኮረብታው ጀርባ ልትገባ ነበር፤ በዚያ በኩል፣ ከጫካው ጣሪያ በላይ፣ አንድ ጫፍ ብቻ ብርሃን ይዞ ቀርቷል። ስንት ዓመት በዚህ ሜዳ ተመላልሼ ያ ጫፍ የዛፉ መሆኑን ያወቅሁት ያን ቀን ነው። ተመስገን አልኩ፣ በልቤ።

ኖሪን ዱባውን ድስት ውስጥ ጨመረችና የጠዋቱን የዳቦ ወረቀት ከረጢት ከቅርጫት አወጣች። ጭኗ ላይ ዘርግታ፣ በዚያች አጭር እርሳስ፣ እንደ መዝገቡ አድርጋ መስመር አሰመረች። ስሟን ጻፈች። «ፏፏቴው። መመለሻ ስምንት ሰዓት» ብላ ጻፈች። ቀጣዩ ዓምድ ላይ ስትደርስ እጇ እንደለመደው «ሜ» ብሎ ጀመረ፤ ቆመች፤ ፊደሏን አየቻት፤ ሳትሰርዛት ከጎኗ ቦታ ተወች።

«አንቺ ስልክ ታነሺያለሽ?» አለችኝ።

«አነሣለሁ።»

«ነገ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሜዳው ላይ ካላየሽኝ፣ ለግሌንዳ ትደውዪልኛለሽ? ሌላ ምንም አይደለም። ዓይንሽን ወደ በሩ ብቻ።» እርሳሷን ከንፈሯ ላይ አርጥባ ባዶው ቦታ ላይ አቀረበቻት። «ስምሽን ልጻፈው? የእናንተ ስም ለእኔ ይከብደኛል፤ ፊደሉን አንድ በአንድ ንገሪኝ። ቀስ ብለሽ፤ አልቸኮልንም።»